በስልክ የተለካ ዓይን

የስንዱ መነጽር የተሰበረው ቡራዩ ላይ አስለቃሽ ጭስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተኮሰ ዕለት ነው። የጥልፍ ክር ልትገዛ ወጥታ፣ ከገበያው ጥግ ሕዝቡ እንደ ክረምት ጎርፍ መጣባት። የማን ክንድ እንደመታት አታውቅም። መነጽሩ ከፊቷ ተነሥቶ ሰው እግር ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስታወራ ድምጿ ዝቅ ይላል። የሚሮጠው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥላ ሆነባት። አንዱ ጥላ እጇን ሊይዝ ተዘረጋ፤ ፈርታው ወደ ሌላኛው ጥላ ሮጠች። የሸሸችው ጎረቤቷን ነበር። ሮጣ የተጠጋችው ሰው ግን ዱላ ይዞ ነበር።

ትከሻዋ ጠቁሮ ሰነበተ። ጥቁረቱ ሲለቅ ለወንድሟ ለሽመክት እንዲህ አለችው፦

«መነጽር ያለው ሰው በግርግር ቀን ዕውር ነው። ያንን ሌዘራችሁን ለኔም አድርጉልኝ።»

«አዲስ መነጽር አሠራልሻለሁ እኮ፣ እታለም።»

«እሱም ይሰበራላ!»

ሽመክት ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ሲጠብቀውም ሲፈራውም ኖሯል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል የዓይን ክሊኒክ የሰው ዓይን የሚለካ ባለሙያ ነው። እናታቸው ሲሞቱ እሱ ገና ፊደል እየቆጠረ ነበር፤ ያሳደገችው ስንዱ ናት፣ በጥልፍ። አሠራሯ ልዩ ነው። መነጽሯን ታወልቅና ቀሚሱን አፍንጫዋ ሥር ድረስ አስጠግታ፣ ጨርቁን የምታሸተው ይመስል አጎንብሳ ትጠልፋለች። ሩቅ የማያይ ዓይን ለቅርብ ስል ነው። ሌሎቹ ጠላፊዎች በመብራት የማያገኙትን ቀዳዳ እሷ በደመና ቀን ታገኘዋለች። የሙሽራ ቀሚስ ይዘው ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጡባት ለዚህ ነው። አሁን አርባ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። ዓይኗና ወንድሟ ናቸው ያሏት።

ዶክተር እስራኤል ጥያቄውን ሲሰሙ «ላንተ እህት? ደስ እያለኝ» አሉ።

ሌዘሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከብሌኑ ፊት እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለ ሽፋን አለ። ጨረሩ ይህን ሽፋን በስሱ እየላጠ ቅርጹን ያስተካክላል። የሚላጠው ከጸጉር ይቀጥናል፤ ስለዚህ ስሕተቱም ከጸጉር ይቀጥናል። የሸረሪት ድር ያህል ያለፈ እንደሆነ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ያውቀዋል። ዶክተር እስራኤል ይህን ስለሚያውቁ ጠባያቸው ሁሉ ጥንቃቄ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ሰው ከመግባቱ በፊት ጨረሩን በላስቲክ ቁራጭ ላይ ይሞክሩታል። ሽቶ የተቀባ ሰው፣ ሠራተኛም ቢሆን፣ ከክፍሉ ይባረራል፤ የሽቶ ትነት ጨረሩን ይሻማል ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈሩት የአገሩን አየር ነው።

«ፋብሪካው የሰጠን ቁጥር ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው የተሠራ ነው» ይሉ ነበር። «እዚህ በጋ ሲገባ የተከፈተ ዓይን ወዲያው ይደርቃል። እርጥብ እንጨትና ደረቅ እንጨት በአንድ መጥረቢያ እኩል ይላጣል እንዴ? ማሽኑን አትመኑት፣ እኔንም አትመኑኝ። ተመልሶ የመጣውን ዓይን እመኑ።»

የክሊኒኩ ሃይማኖት ይህ ነበር፤ ተመልሶ የመጣ ዓይን። በመጀመሪያው ሳምንት የተላጠ ዓይን ገና ቁስለኛ ነው፤ ያን ጊዜ የሚለካው አይታመንም። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ግን ዓይኑ ይረጋል። ሰውዬው ይመለሳል፣ ሽመክት ይለካዋል፣ ጨረሩ ያነሰ ወይም የበዛ እንደሆነ ዶክተሩ ለሚቀጥለው ሰው ማሽኑን ትንሽ ያጠብቁታል፣ ወይም ትንሽ ያላሉታል። እንዲህ ያለፈው የሚመጣውን እያረመ ሲሄድ ኖረ።

በክረምቱ መግቢያ ማሽኑ ተበላሽቶ አንድ ዕቃ ተቀየረለት። ከዚያ በኋላ የታከሙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጨረሩ አንሶባቸው ስለተገኘ ዶክተሩ አንድ እርከን ከፍ አደረጉት። ልክ መሆኑን የሚነግሩን ጥቅምት ላይ የታከሙት ሲመለሱ ነው አሉ። እነዚያ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ የከተማው ኪራይ ገፍቷቸው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የወጡ ናቸው። መመለሻቸው ሲደርስ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያው የገበሬ መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ያመጣው ተቃውሞ መንገዱን ሁሉ በድንጋይ ዘጋው። አንድም ሰው አልመጣም።

«ለጊዜው በስልክ ጠይቃቸው እስኪ» አሉ ዶክተር እስራኤል፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

ሽመክት መንገድ በተዘጋ ቀን ቡራዩ ከቤቱ ሆኖ ደወለ። ሰበታ ያለው ሹፌሩ ከማል «አልሐምዱሊላህ!» አለው። ገፈርሳ አካባቢ ያሉ አንድ ሽማግሌ «ነጋ ዻ፣ ነጋ ዻ፣ ሰላም ነው» ብለው መርቀው ዘጉ። ሱሉልታ ያሉት ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ብርሃነሽ ደግሞ ከሱ ቀድመው ጠያቂ ሆኑ።

«ውይ ሽመክት የኔ ጌታ! እናንተ ጋ ሰላም ነው? ቡራዩ ተኩስ አለ ይላሉ።»

በመስኮቱ በኩል የሚነድ ጎማ ጭስ ይታየው ነበር። «ሰላም ነው፣ ተመስገን» አላቸው። «ዓይንዎስ?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን። እንጦጦ ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ቅጠሉን እቆጥረዋለሁ ስልህ!»

ሁሉም ደህና ነበሩ። ዶክተሩ «ሁሉም?» ብለው ደግመው ጠየቁት። «ሁሉም» አላቸው። «እንግዲያው ማሽኑ ባለበት ይቀጥል። እህትህን ሐሙስ ጠዋት አምጣት።»

ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል ሽመክት ነቃ። ያነቃው የራሱ ድምፅ ነበር፤ «ሰላም ነው፣ ተመስገን» የሚል። በደጁ ጎማ እየነደደ ሰላም ነው ያለ ሰው፣ ከዚያኛው ጫፍ የሰማውን ደህና ነኝ ምን ብሎ ያምናል? ተነሥቶ ተቀመጠ። ጥቅምት ላይ ከታከሙት መካከል ዕድሜያቸውም የመነጽር ቁጥራቸውም ከስንዱ ጋር መንትያ የሚመስለው ብርሃነሽ ናቸው። እሳቸው ላይ የሆነው ስንዱ ላይ ይሆናል። ለዶክተሩ ግን የለካው ሳይኖረው በጥርጣሬ ብቻ ቀጠሮ ይሰረዝ ሊላቸው አፈረ።

«ሳምንቱን እናሳልፈው እታለም» አላት ሲነጋ።

«በሳምንት ውስጥ ስንት ግርግር አለ?» ጥቂት ልብሶቿን በፌስታል እየከተተች ነበር፤ መንገድ ሳይዘጋባት ዛሬውኑ ኮልፌ ያለች የአክስታቸው ልጅ ትጊ ጋ ልታድር። ለጊዜው የሠራላት አሮጌ መነጽር በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «ፈራህ እንዴ? ሠሪዎቹ እናንተ፣ ፈሪዎቹ እናንተ!»

«ሱሉልታ ደርሼ አንዲት ሴትዮ ለክቼ እመጣለሁ። ሳልደውልልሽ እንዳትገቢ።»

«ብትደውልም ባትደውልም እገባለሁ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ግን ፊቱን አይታ፣ ለማየትም በጣም ቀርባ፣ «እሺ፣ እጠብቃለሁ። ተራዬ እስኪደርስ» አለችው።

የሙከራ ሌንሱን ሳጥን፣ የፊደል ሰሌዳውንና ርቀት የሚለካበትን ሜትር ይዞ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ተሳፈረ። እንጦጦን ዞረው ሱሉልታ ሜዳ ሲወርዱ መንገዱ በግንድና በድንጋይ ታጥሮ ነበር። ወጣቶች ታክሲውን ከበቡት።

«ማል ባቴ? ምን ተሸክመህ ነው?» አለው አንዱ፣ ሳጥኑን በዱላ ነካ እያደረገ።

«የዓይን መለኪያ ነው።»

«መለኪያ!» ቃሏ ከአፍ ወደ አፍ ዞረች። ቦርሳው ተበረበረ። ጥቅል ሜትሩ ወጣ። «ሜትር ይዟል! እዩት፣ መሬት ሊለካ ነው የመጣው!»

ዙሪያው ጠበበበት። ሳጥኑን ከፈቱት፤ ክብ ክብ መስታወቶቹ ተደርድረው አበሩ። አንዱ ልጅ አንዷን አንሥቶ ዓይኑ ላይ ደቀናት።

«ዋው! ሰው ሁሉ ወፍሯል!»

«አንተ ስለከሳህ ነው» አለው ጓደኛው። ጥቂቶች ሳቁ፤ ሳቁ አየሩን ትንሽ አላላው። ያን ጊዜ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሰዎቹን እየከፈሉ መጡ። ኦቦ ከሊፋ ነበሩ፣ የብርሃነሽ ጎረቤት፤ ወይዘሮዋን ለሕክምና አዲስ አበባ ድረስ የሸኟቸው እሳቸው ስለሆኑ ሽመክትን ያውቁታል።

«ሀኪማ ኢጃ ነው፣ የዓይን ሐኪም ነው፤ ልቀቁት» አሉ።

«እሱ ይለፍ፣ ኦቦ። ሜትሩ ግን እዚህ ይቀራል» አለ ዱላ የያዘው። «እዚህ አገር ሜትር ይዞ የመጣ ሰው ደህና ነገር አምጥቶ አያውቅም።»

ሽመክት ሜትሩን ትቶ ሽማግሌውን ተከተለ።

በመንገድ ላይ ኦቦ ከሊፋ ነገሩት። የጎረቤታቸው የአደ ወርቅቱ ልጅ በጥይት ተመትቶ ሰኞ ተቀብሯል። ማሳቸው ላይ ቀይ ችካል የተተከለው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነበር፤ ልጁ ችካሉን ነቅሎ ለማገዶ አንድዶታል ይባላል። ከብርሃነሽ ቤት ጎን የሐዘን ድንኳን ቆሟል። ብርሃነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከድንኳኑ ወጡ። ሲያዩት ከሩቅ ለይተው በስሙ ጠሩት። እውነትም ሩቁን ያያሉ።

የቤታቸው በር አጠገብ የልብስ ስፌት መኪናቸው በአንሶላ ተሸፍኗል። በሐዘን ምክንያት ነው ብሎ አሰበ። ሜትር ስለሌለው ርቀቱን በርምጃው ገምቶ የፊደል ሰሌዳውን አጥሩ ላይ ሰቀለ። ብርሃነሽ እስከ ታችኛው መስመር አነበቡ፤ ግን ዓይናቸውን እያጠበቡ፣ ግንባራቸውን እየቋጠሩ። ሌንስ ደቀነላቸው፤ የሩቅ ዕይታን ሊያደበዝዝባቸው የሚገባውን ዓይነት፣ ፕላስ።

«አሁንስ?»

«አሁን ተሻለኝ። እፎይ አለኝ።»

ጨመረ። «አሁንስ?»

«ኧረ ደግ ነው። ምነው ይቺን ብታስቀርልኝ?»

ፕላስ ሁለት። ጨረሩ ሊቆምበት የሚገባውን አልፎ ሄዷል። ሌላኛውንም ዓይን ለካ፤ ያው ነው። ከጃኬቱ ኮሌታ ሥር ስንዱ ሁልጊዜ የምትሰካለትን መርፌ አወጣ፤ ክሩ አብሮት ነበር። ሰጣቸው።

ብርሃነሽ መርፌውን ተቀብለው ክንዳቸው እስኪያልቅ ወደ ፊት ዘረጉት። ክሩን አራሱት፣ ሞከሩ፣ አለፈ። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ።

«ከኅዳር ወዲህ አንድ ስፌት አልሰፋሁም» አሉ።

«ታዲያ ስደውልልዎ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ ልጄ? በደወልክ ሰዓት ወርቅቱ ልጇ የት እንደወደቀ ስታስፈልግ ነበር። ጩኸቷን እየሰማሁ ‹መርፌዬ አልታይ አለኝ› ልበል? እግዜርስ አይታዘበኝም?» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ደሞ አንተስ! ቡራዩ ሰላም ነው አላልከኝም? የጎማው ፍንዳታ በስልኩ ይሰማኝ ነበር እኮ።»

ከከማል ጀምሮ ያናገራቸው ሁሉ ባንድ ጊዜ ጆሮው ውስጥ ጮኹ። አልሐምዱሊላህ። ነጋ ዻ። ተመስገን። ማሽኑ የቆመው በእነዚህ ቃላት ላይ ነው፤ ነገ ስንዱ ላይ የሚበራውም በእነዚህ ቃላት ተለክቶ ነው።

ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ የለም። ወደ መንገዱ ሲሮጥ ታክሲዎቹ ሁሉ ተመልሰው ሄደዋል። በእግሩ ዳገቱን ጀመረ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ሳይገባ ግን ወታደሮች አስቆሙት። ሳጥኑን አስከፈቱት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የዓይን መለኪያ ነው፣ ጌታዬ።»

«በዚህ ቀን ዓይን ትለካለህ?»

«እህቴ ነገ ጠዋት...»

«ተመለስ! ዛሬ በዚህ የሚያልፍ የለም።»

ጠዋት ሜትሩ አስጠረጠረው፣ ማታ ሌንሱ አስመለሰው። ኦቦ ከሊፋ ቤት መደብ ላይ ተጋደመ፤ ድንኳኑ ውስጥ በኦሮምኛ የሚወርደው ሙሾ አላስተኛውም። እኩሉ አልገባውም። የገባው ይበቃው ነበር።

ወገግ ሲል ኦቦ ከሊፋ ራሳቸው በከብት መሄጃ አሻግረው ሸኙት። ዳገቱን እየወጣ በየጥቂቱ ስልኩን ያያል። ጸሎቱ አንድ ነበር፤ መብራት ይጥፋ። ዛሬ እንኳ ክሊኒኩ መብራት ይጥፋበት። እንጦጦ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከተማዋ ከታች ተዘረጋች፤ ረፋድ ነው፣ ሰማዩ ንጹሕ፣ አየሩ እንደ ብርጭቆ ደረቅ። ስልኩ ጮኸ። ኔትወርክ ገባ። ቶሎ ለስንዱ ደወለ።

ያነሣችው ትጊ ናት። «አንተ! የት ጠፍተህ ነው? ስትጠብቅህ ነበር እኮ። ሁለት ጊዜ ተራዋን ለሌላ ሰጠች። ከዚያ ነርሷ ‹ዶክተሩ ሊወጡ ነው› ስትላት... አሁን ወጣች። ኧረ ደህና ናት፣ ተመስገን!»

ሽመክት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ክሊኒኩ ሲደርስ ስንዱ በጨለመችው ክፍል ውስጥ ዓይኖቿ ተሸፍነው ተኝታለች። ከእርምጃው ለየችው። «መጣህ? ሳላይህ እንኳ አወቅኩህ» ብላ እጇን ዘረጋች። እጇን ያዘ። የብርሃነሽን ነገር አልነገራትም።

ለዶክተር እስራኤል ግን ነገራቸው። ዶክተሩ ቆመው ሰሙት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እኔ ነኝ በስልክ ጠይቅ ያልኩህ» አሉ።

«መልሱን ያመንኩት እኔ ነኝ» አለ ሽመክት።

«ሊስተካከል ይችል ይሆን?» አላቸው ቀጥሎ።

ዶክተሩ የስንዱን የዓይን ሽፋን ውፍረት ያውቁታል። መጀመሪያውኑም ስስ ነበር። «የተጨመረ ይቀነሳል፣ ሽመክት። የተላጠ አይመለስም» አሉ። ተነሥተው ወደ ማሽኑ ክፍል ገቡ፤ በዚያው ቀን እርከኑን አወረዱት። በዚያ ሳምንት ሊታከሙ የነበሩትንም ሁሉ ቀጠሮ አዛወሩ። ከስንዱ በኋላ ለሚመጡት ማሽኑ ልክ እየሆነ ሄደ።

ጥር ሲገባ ማስተር ፕላኑ እንደቀረ በሬዲዮ ተነገረ። ቡራዩ ላይ አንዳንዱ እልል አለ፣ አንዳንዱ የሞተበትን አስታውሶ አለቀሰ፣ ብዙው ምንም ሳይል ሱቁን ከፈተ። ሽመክት ያኔ ከሰበታ እየተመለሰ ነበር። ከሥራ ውጪ ባሉት ቀናት ሳጥኑን ተሸክሞ ከቤት ቤት ይዞራል። ስልክ ከደወለም ዓይንዎ እንዴት ነው ብሎ አይጠይቅም። «መርፌና ክር አጠገብዎ አለ?» ይላል፤ «እስቲ አሁን፣ እኔ እየሰማሁ፣ ያስገቡት።» ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ ዝም ይባላል። ስንቱን ቤት እንዲህ ዝም አሰኘው።

ስንዱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ፀሐይ እየሞቀች። አንድ የሙሽራ ቀሚስ ጭኗ ላይ አለ፤ ባለቤቷ ሁለት ጊዜ መጥታ ሄዳለች። እሱ ያመጣላት የቅርብ መነጽር ከነመያዣው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ሰጥቷት «ደሞ መነጽር?» ብላ የሳቀች ቀን ካስቀመጠችበት አልተነሣም።

«ያው ሽመክት መጣ» አለች፣ ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለ። «ፊትህ ከስቷል። ምሳ አልበላህም።»

«ከዚያ ታየሁሽ?»

«ምን ያንተን ብቻ! ከኮረብታው ጥግ የቆሙት ወታደሮች ይታዩሃል? አንደኛው ልጅ እግር ነው፤ ኮፍያው ሰፍቶታል። ከእንግዲህ ማን ዱላ እንደያዘ፣ ማን እጁን እንደዘረጋልኝ አላጣውም።»

አጠገቧ ተቀመጠ። «ዓይንሽ እንዴት ነው?» ሊል ከንፈሩ ተከፍቶ ነበር፤ ዋጠው። ቀሚሱን አየ። ከአንገቱ በታች የጀመረችው መስቀል አንዱ ክንዱ ወደ ጎን ዘሟል። ፈታትታው ደግማ ሞክራዋለች፤ የመርፌው ቀዳዳዎች ጨርቁን ወንፊት አስመስለውታል።

ማየቱን አወቀች። ጨርቁን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ደህና ነው» አለች ወደ ኮረብታው እያየች። «ተመስገን። ሰው ስንት ነገር አጥቷል።»

ከዚያ ዓይኗን ከሩቁ ሳትነቅል መርፌውንና ክሩን አቀበለችው። ሽመክት ተቀበላት። ክሩን በምራቁ አርሶ፣ አፍንጫው ሥር ድረስ አስጠግቶ፣ እሷ ትሠራው እንደነበረው አጎንብሶ፣ ቀዳዳውን ይፈልግ ጀመር።